ለኤልክ አደን የትኛውን ጥይት ልግዛ? ርካሹን የውጭ ወይስ ውዱን?

የአውሮራው ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። በዚህ ዓመት የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ይዣለሁ፤ የሁለተኛው ዙር የኤልክ ፈቃድም እጄ ገብቷል። ኤልክን የማታውቁ ካላችሁ የእኛን አጋዘን አስቡና ክብደቱን ከሰባ በሬ ጋር አስተካክሉት።

ጠመንጃዬ .308 ዊንቸስተር የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ነው፤ ያገለገለ፣ በየጥይቱ በእጅ የሚቀባበል፣ መነጽር የተገጠመለት። ጠመንጃውን በደህና ዋጋ አገኘሁት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥይት ልገዛ ስሄድ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ሻጩ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፓኬት ደረደረልኝ። አንደኛው ሰርቢያ ሠራሽ ነው፤ ቀለሃው (ባሩዱን የያዘው ቅርፊት) ናስ፣ አንዱ ጥይት ከአንድ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ሩሲያ ሠራሽ ትርፍራፊ ነው፤ ቀለሃው ብረት ሆኖ ግራጫ ነገር ተቀብቷል፣ ዋጋው ከሁሉም ያንሳል። ሦስተኛው አሜሪካ ሠራሽ ነው፤ ፓኬቱ ላይ ቀንዳም ኤልክ ቆሞ ያየኛል። ሃያዋ ጥይት መኪናዬን ነዳጅ ሞልታ የምትተርፍ ናት። በዚያ ላይ ሒሳብ ስከፍል ሻጩ የማላውቀው ግብር ጨመረብኝ። ምንድን ነው ብለው ትከሻውን ነቀነቀ።

የአክስቴ ልጅ «ጥይት ጥይት ነው፣ እንስሳው ዋጋውን አይጠይቅህም» ይለኛል። እኔ ግን ሦስት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ርካሹ ጠመንጃዬን ይጎዳዋል? በርካሹ ተለማምጄ በውዱ ባድን ችግር አለው? ደግሞስ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው በእርግጥ ለምንድን ነው?

ሌክውድ፦

የብረት ቀለሃውን ተወው። ጠመንጃህ ዛሬውኑ ይሰበራል ማለቴ አይደለም። ከተማ ውስጥ ያሉት ዝግ የተኩስ ማዕከላት ግን ብዙዎቹ አያስገቡህም። በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ማግኔት ይዞ ይጠብቅሃል፤ ጥይትህ ላይ ማግኔቱ ከተጣበቀ ወደ ቤትህ ነህ። የዚያ ዓይነት ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ቀለሃው ብቻ ሳይሆን የአረሩ (ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረው ክፍል) ልብስም ከሥሩ ብረት ሆኖ በላዩ ስስ መዳብ የተቀባ ነው። ግድግዳ ሲመታ የእሳት ፍንጣሪ ያወጣል፣ የብረት ዒላማ ይቦረቡራል። ማዕከሉ ደግሞ ወለል ላይ የወደቀውን ናስ ሰብስቦ ይሸጣል፤ ብረት ሲቀላቀልበት የመልቀም ጣጣ ይሆንበታል።

ስለ ጉዳቱ ካነሳህ፣ በ2013 አንድ አሜሪካዊ ጥይት ሻጭ ድርጅት በአራት ተመሳሳይ ኤአር-15 ጠመንጃዎች ላይ ትልቅ ሙከራ አድርጎ ውጤቱን አሳትሟል፤ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የተመደበው አሥር ሺህ ጥይት ነበር። የብረት ልብስ ያለው አረር የተተኮሰባቸው በርሜሎች ከናሱ እጅግ ቀድመው አለቁ። ሆኖም በጥይቱ ዋጋ ልዩነት አዲስ በርሜል ተገዝቶ ገንዘብ ይተርፍ ነበር። ይህ ሒሳብ ግን በሺዎች ለሚተኩስ ሰው ነው። ለአንተ በዓመት ጥቂት ፓኬት ለምትተኩሰው ትርጉም የለውም። ደግሞም አሜሪካ ከ2021 መስከረም ጀምሮ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ስላቆመች ዛሬ ወደህ ብትለምደው ነገ አታገኘውም።

የመንዙ ጋሼ፦

የአውሮራው ልጄ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተወውና ፓኬቱን አገላብጠህ ፊደላቱን አንብብ። ሰርቢያ ሠራሹ ላይ ኤፍ.ኤም.ጄ. የሚል ካለ፣ አረሩ ሙሉ በሙሉ የመዳብ ልብስ ለብሷል ማለት ነው፤ በእርሱ ኤልክ መምታት በኮሎራዶ ክልክል ነው። ደንቡ አረሩ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚከፈት፣ ቢያንስ 85 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን፣ በ100 ያርድ (ከመቶ ሜትር ትንሽ ያነሰ) ርቀት ላይም 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ያለው እንዲሆን ያዝዛል። በክብደትና በጉልበት .308 ከበቂ በላይ ነው፤ 150 ግሬኑ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 2,800 ጫማ ያህል ይበራል። የሚያስጠይቅህ የአረሩ ዓይነት ነው። ሰርቢያውያኑ እኮ ጫፉ ለስላሳ የሆነውንም ይሠራሉ፤ እርሱ ይፈቀዳል። ስለዚህ «የውጭ» እና «የአገር ውስጥ» እያልክ አትከፋፍል።

የሚገርመኝን ልንገርህ። በ1899 ሄግ ላይ የተፈረመው ቃል ኪዳን በጦርነት ሰው ላይ ተከፋች አረር እንዳይተኮስ ከለከለ። የአደን ሕግ ደግሞ ተገላቢጦሹን ያዝዛል። የቆሰለ ወታደር ሐኪም አለው፤ ኤልክ ግን ጠባብ ቀዳዳ ይዞ ሸለቆ ለሸለቆ ሲሰቃይ ያድራል፣ አንተም ደሙን ተከትለህ ስትንከራተት ትውላለህ።

ውዱ ላይ የምትከፍለው ለምንድን ነው ላልከው፦ ተራው ለስላሳ ጫፍ አረር እርሳስ በመዳብ ኩባያ ውስጥ ተጨምቆበት ነው የሚሠራው። የጎን አጥንት መካከል ቢያልፍ ሥራውን ይሠራል። የትከሻ አጥንት ከመታ ግን ልብሱና እርሳሱ ሊለያዩና ሊበታተኑ ይችላሉ፤ ወደ ሳንባ ሳይደርስ ይቀራል። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በ1946 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ እንስሳ ሲያድን አረሮቹ አልሠሩለትም። ተናዶ ተመለሰና በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ፈለሰፈ፤ የፊቱ ይከፈታል፣ የኋላው ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከ1948 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ሌሎቹ ደግሞ እርሳሱን ከልብሱ ጋር አቅልጠው ያጣብቁታል። ገንዘብህ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ የተቀረው ለኤልኩ ሥዕል ነው።

ውድ ሁሉ ግን ለአደን አይሆንም፤ ብዙ አዲስ ሰው የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው። ለውድድር የተሠራው 168 ግሬን ዋጋው ከአደኑ ጥይት አያንስም፣ ወረቀት ላይ ድንቅ ነው። ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ግን ከአሠራሩ የተረፈ እንጂ አረሩ እንዲከፈት ተብሎ የተበጀ አይደለም። እንዲህ ያለውን ለወረቀት ተወው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ከሁሉም ይበልጣል። በርካሹ መለማመድ ትችላለህ፣ ቃታ መሳብና ትንፋሽ መያዝ በእርሱም ይለመዳል። መነጽሩን የምታስተካክለው ግን ይዘኸው በምትሄደው ጥይት ብቻ ነው። በእኔ ጠመንጃ ሰርቢያ ሠራሹ 145 ግሬን በ100 ያርድ ላይ ከማድንበት 165 ግሬን አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ወደ ግራ ያርፋል። በርሜሉ ያው፣ መነጽሩ ያው፣ ተኳሹም ያው ነው። የባሩዱ ዓይነትና የአረሩ ክብደት ሲለይ በርሜሉ ሌላ ዓይነት ይርገበገባል። በሌላ ሰው ጠመንጃ ደግሞ ልዩነቱ ወደ ቀኝ ሊሆን ይችላል። ከእኔ ቁጥር መቅዳት አይሠራም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጠመንጃውን ከፊት በአሸዋ ከረጢት አስደግፈው፤ በርሜሉ ራሱ ከረጢቱን አይንካ። ከውዱ ሦስት ተኩስ። በርሜሉን በጣትህ ስትነካው እስኪቀዘቅዝ ቡናህን ጠጣ፣ አትቸኩል። ከዚያ ሦስት ድገም። ስድስቱ ቀዳዳዎች በቡና ሲኒ አፍ ከተሸፈኑ ለ200 ያርድ በቂ ነው። ካልተሸፈኑ ጥይቱ ውድ ስለሆነ ብቻ አትውደደው፤ ጠመንጃህ አልወደደውም ማለት ነውና ሌላ ዓይነት ሞክር። ተራራ ላይ የሚቆጠርልህ ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ጥይት መሆኑንም አስብ። የተስማማህን ስታገኝ ፓኬቱ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር አይተህ ከዚያው ቁጥር ሁለት ሦስት ፓኬት አስቀምጥ።

ግብሩን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ 11 በመቶ ከአምራችና ከአስመጪ የሚሰበሰብና በ1937ቱ ሕግ መሠረት ለዱር እንስሳት ጥበቃ የሚውል ነው፤ እርሱ ዋጋው ውስጥ ስለተካተተ አታየውም። ሒሳብ ላይ ያየኸው አዲሱ የኮሎራዶ 6.5 በመቶ ነው። የግዛቱ ሕዝብ በ2024 ኅዳር ድምፅ ሰጥቶበት ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ ይከፈላል። ሻጩን አትቆጣው።

ጎልደን፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ይህ ሰው ገና ጀማሪ ነው፤ ከ200 ያርድ በላይ እንደማይተኩስ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚያ ርቀት ሰርቢያ ሠራሹ ለስላሳ ጫፍ 150 ግሬን ሳንባ ላይ ካረፈ ኤልኩ ይወድቃል። ሰዎች ለዘመናት ኤልክ የጣሉት በተራ አረር ነው። ውዱን ሲገዛ የሚሆነውን ልንገርዎት፦ ሰባት ስምንት ጥይት ተኩሶ «ይበቃል፣ ውድ ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ጠመንጃውን ሳያውቅ ተራራ ይወጣል። መካከለኛውን ገዝቶ በዚያው ይለማመድ፣ በዚያው ያድን። መነጽር ማዛወርም የለበት።

የመንዙ ጋሼ፦

ጎልደን፣ ርቀቱን በተመለከተ እውነትህን ነው፤ ጎኑን አሳይቶ ለቆመ ኤልክ ያንተ ምርጫ ይበቃል። እኔ የምፈራው ሰያፍ ቆሞ ትከሻውን ያቀረበውን ነው። ጀማሪ ሰው ደግሞ ቃታውን ሳይስብ ማለፍ ይከብደዋል። ልለፈው ብሎ የሚወስን ልብ ካለው ለስላሳ ጫፉን ይያዝ፣ አልቃወምም።

የጦር ሠራዊት ትርፍራፊ ጥይት በርካሽ አየሁ የምትሉ ሌሎችም አላችሁና አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌው ጥይት መለኮሻ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎሬት ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ በርሜሉም ይዝጋል። ዘይት ይህን ጨው አያሟሟውም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው። አባቴ መንዝ ውስጥ ምንሽሩን በተኮሰ ቁጥር እናቴ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ታቀብለው ነበር። በአፈሙዙ ያንቆረቁረዋል፣ በጨርቅ ያደርቀዋል፣ ዘይቱ የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው። ኬሚስትሪ አልተማረም፤ በርሜሉ ግን እስከ መጨረሻው እንደ መስታወት ነበር። ሰርቢያ ሠራሹ አዲስ ጥይት ይህ ጣጣ የለበትም።

ሰናይት ከሚኒሶታ፦

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ስለ ጠመንጃው አወራችሁ፤ ሥጋውን የሚበላው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴም ያድናል። የእርሳስ አረር ሲከፈት ዓይን የማያየው ብናኝ ሥጋው ውስጥ ይበትናል፤ ከቁስሉ ራቅ ብሎም ይገኛል፣ በማጠብም አይወጣም። የሰሜን ዳኮታ የጤና መሥሪያ ቤት በ2008 ነፍሰ ጡሮችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በእርሳስ አረር የተገደለ የአጋዘን ሥጋ እንዳይበሉ መክሯል። ካሊፎርኒያ ከ2019 ሐምሌ ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ ከልክላለች፤ እዚያ ዋናው ምክንያት የሞተ እንስሳ የሚበሉት ትላልቅ ጥንብ አንሳዎች መመረዝ ነው።

ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ አረር አለ፤ ሲመታ እንደ አበባ ይከፈታል እንጂ አይበታተንም። ዋጋው ከውዶቹ ጎራ ነው። በእኛ ቤት ጥብሱንም ክትፎውንም ልጆቹ ስለሚበሉት ከሌላው ወጪ ቀንሰን እርሱን እንገዛለን። ልጆች ካሉህ ምርጫው ለእኔ ግልጽ ነው።

የአውሮራው ሰው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓኬቱን አየሁት፤ ሰርቢያ ሠራሹ በእርግጥም ኤፍ.ኤም.ጄ. ነው። ሻጩ ለኤልክ መሆኑን እየነገርኩት ዝም ብሎ ነው የሰጠኝ። ለልምምድ አውለዋለሁ።

እህት ሰናይት፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ወደ መዳቡ አዘንብያለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ በእርሳሱ ስለማመድበት ከርሜ በመጨረሻ መዳቡን ብተኩስ በርሜሉ ቅር ይለዋል? ክብደቱስ ስንት ይሁን?

የመንዙ ጋሼ፦

ጥሩ ወስነሃል። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት አረሩ ይረዝማል፤ ስለዚህ ከባዱን አትፈልግ፤ 150 ግሬን፣ ቢበዛ 165 ይበቃሃል። ቀለል ሲል ይፈጥናል፣ መዳብም በደንብ እንዲከፈት ፍጥነት ይወዳል። ከመቀየርህ በፊት በርሜሉን የመዳብ ዝቃጭ በሚያሟሟ ፈሳሽ አጽዳው፤ ጨርቁ ሰማያዊ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥይቶች ለማሟሻ ብቻ ተኩስ፣ መነጽሩን አትንካ። በኋላ የሚያርፉትን አይተህ አስተካክል።

ይህን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እስከ መስከረም መጨረሻ ጨርስ። ያንተ ዙር ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይጀምራል፤ በወቅቱ ዋዜማ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፣ የመረጥከውንም ክብደት አታገኝም። ሥጋ ማቀዝቀዣህም ባዶ ይሁን። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ አንድ ኤልክ ደግሞ በሦስት ሳምንት አያልቅም።