ካፓው 0.08 ወጣ፣ ነገ ጠዋት ለአድቫይዘሬ ማስገባት አለብኝ፤ ድረሱልኝ!

የኮዬዋ
ሰላም ቤተሰብ። የኮንዶሚኒየም ዜናዎች የይዘት ትንተና ነው የምሠራው፤ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር፣ የ2015 ዓ.ም. እትሞች። እኔና አንዲት ኮደር 60 ዜና ለየብቻችን ኮድ አድርገን (እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ዜናው ጉዳዩን ያየበት ማዕዘን፣ «አለ» ወይም «የለም» እያልን ሞልተን) ካፓውን፣ ማለትም የሁለታችንን ስምምነት የሚለካውን ቁጥር፣ ሳወጣ የግጭት ፍሬም 0.08፣ የሞራል ፍሬም ጭራሽ -0.07! ሞራል ላይ ከ60ው 52ቱን ተስማምተናል እኮ፣ 87 በመቶ ማለት ነው። መቶኛውን ብቻ ብጽፍ ያልፍልኛል? ወይስ የተለያየንበትን ተነጋግረን አስተካክለን እንደገና እናስላው? እሷ ሰበታ፣ እኔ ኮዬ ፈጬ ነን፤ ለመገናኘት ግማሽ ቀን ይሄዳል። መብራት የለም፣ ላፕቶፔ 40 በመቶ ቀርቶታል።

ቡራዩ ላይ
እህቴ፣ ሁለቱንም እንዳታደርጊ። መቶኛ በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት አይቀንስም፤ ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ካፓን ያቀረበው ለዚሁ ነው። እያንዳንዳችሁ 4 ዜና ላይ ብቻ «ሞራል አለ» ብላችኋል እንበል። 56/60 በራሱ ሲባዛ 0.871፣ 4/60 በራሱ ሲባዛ 0.004፤ ድምሩ 0.876 ገደማ። ዜናውን ሳታነቡ በዘፈቀደ 4 4 ዜና ላይ «አለ» ብትሉ እንኳ 88 በመቶ ገደማ ትስማማላችሁ ማለት ነው። የእናንተ 0.867 ከዚያም አንሷል፤ ስለዚህ ካፓው ከዜሮ በታች ወረደ። ስሌቱ ትክክል ነው።

ተነጋግራችሁ ያስተካከላችሁት ኮድ ለዋናው ትንተና ያገለግላል። ለአስተማማኝነት ስሌት የሚገባው ግን ከንግግሩ በፊት የነበረው ብቻ ነው።

አያት ጫፍ
ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ላይ አናላይዝ፣ ዲስክሪፕቲቭ ስታቲስቲክስ፣ ክሮስታብስ ግቢ፤ አንቺን ረድፍ ላይ፣ እሷን ዓምድ ላይ አድርገሽ ስታቲስቲክስ ውስጥ ካፓን ምረጪ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ አንዱን ኮድ አንድም ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት ካፓ ላይሰጥሽ ይችላል።

የኮዬዋ
እሱንማ አድርጌ ነው ቁጥሩ የመጣው።

መምህሩ ከገላን
ከካፓው በፊት ሳምፕሉ ይጠየቃል። የተዋቀረ ሳምንት ነው የተጠቀምሽው? አዲስ ዘመን ዕለታዊ ስለሆነ የዓመቱን ሰኞዎች ለብቻ፣ ማክሰኞዎች ለብቻ እያደረጉ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት በዕጣ ማውጣት ይሠራል። የአማርኛው ሪፖርተር ግን የሚወጣው ረቡዕና እሑድ ነው፤ ሰባት ቀን ያለው ሳምንት ሊዋቀርለት አይችልም። ረቡዕን ከረቡዕ፣ እሑድን ከእሑድ ለይቶ ዕጣ ማውጣት ነው። ሳምፕሉ ከተዛባ ካፓው 0.95 ቢሆንም አያድንሽም።

የኮዬዋ
መምህር፣ ያሉት ገብቶኛል፤ ሪፖርተርን እንደዚያው ነው የለየሁት፣ ፕሮፖዛሉም ጸድቋል። አሁን ያቃጠለኝ ካፓው ነው።

ሰንዳፋ በር
አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ገጽ ቁጥር ላይ ከ60ው ስንቱን ተስማማችሁ?

የኮዬዋ
እሱማ ጋዜጣው ላይ የታተመ ነው፣ ምን ያለያያል ብዬ አላየሁትም። ቆይ ልየው… 17 ብቻ ነው የሚገጥመው?!

ለገጣፎ 2
ገጽ ቁጥር ላይ ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ይላክ 😂

ሰንዳፋ በር
በይ ፍርድሽ እዚያ ውስጥ አለ። የታተመ ቁጥር ላይ ካልተስማማችሁ የተለያየው ዓይናችሁ አይደለም፣ ረድፎቹ ናቸው። የአንቺ 5ኛ ረድፍ ያለው ዜና እሷ ጋ 5ኛ ላይ የለም። በቀን ደርድራዋለች ብዬ እገምታለሁ።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ኮምፒውተሯ ቀንን በአሜሪካ አጻጻፍ (ወር/ቀን/ዓመት) የሚያነብ ከሆነ 12/3/2015 ብለሽ የጻፍሽው ኅዳር 12 ለእሱ ዲሴምበር 3 ነው። 13/3/2015ን ግን 13ኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ሲደረድር ቀን የመሰሉትን ከላይ፣ ጽሑፎቹን ከታች ያደርጋል። ጳጉሜ 5ን 5/13/2015 ብትዪው ደግሞ ሜይ 13 አድርጎት ቁጭ!

አሁን የምታደርጊው፦ መጀመሪያ ደውለሽ ሙሉውን ሠንጠረዥ ነው የደረደርሽው ወይስ የቀኑን ዓምድ ብቻ በዪያት። ሙሉውን ከሆነ ኮዶቹ ከየዜናቸው ጋር ናቸው፤ በርዕስ አገናኝተሽ በቪሉካፕ (ርዕሱን ፈልጎ ኮዱን በሚያመጣው የኤክሴል ቀመር) ታመጪዋለሽ፣ ልክ የሚገጥመውን ብቻ እንዲያመጣ መጨረሻው ላይ 0 ማስገባት እንዳትረሺ። ርዕሱን በእጇ መልሳ ጽፋ ከሆነ ግን «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሠራ» እና «ሰራ» ለኤክሴል የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ እነዚያን በዓይንሽ አገናኚ። የቀኑን ዓምድ ብቻ ደርድራ ከሆነ ቀኑን ጣዪው እንጂ ኮዱን አትንኪ፤ ያኔ ግን ገጽ ቁጥሩ ያልገጠመበት ምክንያት ሌላ ነው።

ቡራዩ ላይ
ይሄ ከእኔ መልስ ይቀድማል። ገጽ ቁጥሩን ሳልጠይቅ ስሌት ውስጥ ገባሁ።

አያት ጫፍ
ኤስፒኤስኤስ ላይ ክሮስታብስ ውስጥ ካፓን እንደገና ምረጪ።

የኮዬዋ
ደወልኩላት። ሙሉውን ነው የደረደረችው፣ ርዕሶቹ እኔ የላክሁላት ናቸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን 22 በመቶ ነው ባትሪው፣ እየሠራሁ ነው።

ሰንዳፋ በር
ካገናኘሽ በኋላ መጀመሪያ ገጽ ቁጥሩን አይተሽ 60 ከ60 ካልገጠመ ካፓ አታስዪ። ለሌላው ጊዜ ኮድ ከማድረጋችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ዜና መለያ ስጪ፤ አዘ-001፣ ሪፖ-001 እያልሽ። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይተሽ ጻፊ።

ቡራዩ ላይ
ረድፉ ተስተካክሎም ሞራል ዝቅ ሊል ይችላል፤ 4 ዜና ብቻ ያለበት ፍሬም ነውና ሁለት ሁለት ስሕተት ይበቃዋል። ሁለቱ «አለ» ላይ፣ 54ቱ «የለም» ላይ ብትስማሙ ስምምነቱ 93 በመቶ ሆኖ ካፓው 0.46 ነው። እንዲህ ከሆነ መቶኛውንም ካፓውንም ጎን ለጎን ጻፊ፣ ስርጭቱንም («አለ» ስንት፣ «የለም» ስንት እንደሆነ) አሳዪ። እንደ ካፓ የኮደሮችን ስምምነት በሚለካው በክሪፐንዶርፍ አልፋ መለኪያ ከ0.80 በላይ ይታመናል፤ ከ0.667 በታች ያለ ተለዋዋጭ መደምደሚያ አይጣልበትም። ያ ከሆነ የኮድ ቡኩን (የኮድ አሰጣጥ መመሪያውን) ትርጉም አጥብቃችሁ፣ ከ60ው ውጪ ባሉ ዜናዎች ተለማምዳችሁ፣ በአዲስ ዜናዎች እንደገና ለየብቻ ኮድ ማድረግ ነው። ለአድቫይዘርሽ ነገ የረድፉን ስሕተት ሳትደብቂ ንገሪው።

መምህሩ ከገላን
«ሞራል» ሲባል ኮድ ቡኩ ላይ ምን ተብሎ ነው የተተረጎመው? ዕጣ የደረሰው ሰው «ተመስገን» ማለቱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እዚያች ላይ ነው ብዙ ኮደር የሚለያየው።

ለገጣፎ 2
የኮዬዋ፣ መብራት መጣ?