ወንድሜ ጎንደር ታስሯል፤ የአእምሮ ምርመራ ትእዛዝ እንዴት ይገኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድሜ አዘዞ ላይ የጎረቤት መስኮት ሰብሯል ተብሎ ጣቢያ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ለፖሊስ የ14 ቀን የምርመራ ጊዜ (ጊዜ ቀጠሮ) ተፈቅዷል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 መሠረት በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ያልተረዳ ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው አይቀጣም፤ የሚያጠራጥር ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ያስቀርባል። መርማሪው ግን «ሐኪም ይጻፍልህ» ይላል፤ ሐኪሙ ደግሞ «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አልጽፍም»። ማመልከቻውን አሁን በጊዜ ቀጠሮው ላይ ላስገባ ወይስ ክስ እስኪመሠረት ልጠብቅ? የድሮ የሕክምና ማስረጃውን ኮፒ አያይዤ ባቀርብ ይበቃል? ምርመራውስ እዚሁ ይሠራል ወይስ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ይልኩታል?

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ መድኃኒቱ ነው። ለሕመሙ የሚወስደውን ሃሎፔሪዶል አስገቡለት፣ የሃሎፔሪዶሉን የጎንዮሽ ጉዳት የሚያስታግሰውን አርቴን ግን ተረኛው ፖሊስ ከበር መለሰው። አርቴንን ለሱስ የሚጠቀሙበት ስላሉ መጠራጠሩ አይገርምም፤ ግን ሃሎፔሪዶል ብቻውን ሲወሰድ አንገትና መንጋጋ ሊገትር ይችላል። ያን ጊዜ ታማሚው ራሱ ክኒኑን ይተፋዋል፣ ሕመሙም ያገረሻል። (ጸበል ውሰደው የምትሉኝ፣ መጀመሪያ ከጣቢያ አስወጡልኝ!)

በወር አንዴ ወደሚወጋው ፍሉፌናዚን ቢቀየር ይሻል ነበር፤ ለዚያ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 እስረኛ ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል። ይህን በጽሑፍ ለማን ነው የማቀርበው፣ ለጣቢያው አዛዥ ወይስ ለዳኛው?