ኦሃዮ ላይ የታየው ችግር ወሬው ፔንሲልቬንያ ለምን አልደረሰም?

ብሩክ_መካኒካል፦
ሰላም ወገን። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስለደረሰው የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር አደጋ ሳነብ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አደጋው የደረሰው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1979 ነው። ግን ከዚያ 18 ወር ቀደም ብሎ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ-ቤሲ የተባለ ጣቢያ ላይም፣ ልክ እንደ ስሪ ማይል፣ ግፊት ሲበዛ የሚከፈተው ቫልቭ ሳይዘጋ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ነበር። የሁለቱንም ሪአክተር የሠራው ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ነው። እንዴት አልተነጋገሩም?

ሰኒ፦
ኧረ ተነጋግረዋል፣ ችግሩ እርስ በርስ ብቻ መሆኑ ነው። የኩባንያው መሐንዲስ በ1978 መጀመሪያ ላይ፣ ኦፕሬተሮች ሪአክተሩን የሚያቀዘቅዘውን የአደጋ ጊዜ ውኃ ቶሎ እንዳይዘጉ ለሁሉም ደንበኞች መመሪያ ይላክ ብሎ ጽፎ ነበር። ሌላ ክፍል ደግሞ «ይሄ ሌላ ጣጣ አያመጣም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። መላሽ ጠፋና ወረቀቱ እዚያው ተኛ። ዴቪስ-ቤሲ ያን ጊዜ የሚሠራው በ9 በመቶ ኃይል ብቻ ነበር፣ ኦፕሬተሮቹም በ20 ደቂቃ ገደማ ስለነቁበት ምንም አልተጎዳም። ምንም ያልተጎዳበትን ነገር ማን ያሯሩጠዋል?

ዮኒ፦
ስሪ ማይል ላይ ግን ከ2 ሰዓት በላይ አልነቁም፣ የሪአክተሩ እምብርት (ነዳጁ ያለበት ክፍል) ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። በኦፕሬተሮቹ አትፍረዱ። የፓነሉ መብራት የሚያሳየው «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መሄዱን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አይደለም። የግፊት መቆጣጠሪያው ታንክ ጢም ብሎ እንዳይሞላ ተብለው ነው የሠለጠኑት፣ ስለዚህ ሲሞላ ሲያዩ፣ ውኃው በተከፈተው ቫልቭ እየወጣ መሆኑን ሳያውቁ፣ የአደጋ ጊዜ ውኃውን ቀነሱት።

ብሩክ_መካኒካል፦
ከዚያ በኋላስ?

ሰኒ፦
በዚያው ዓመት መጨረሻ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ኢንፖ የሚባል ተቋም መሠረቱ፣ ቢሮው አትላንታ ነው። የሌላ ጣቢያ ባለሙያዎች መጥተው ይፈትሹሃል፣ ውጤትህ የኢንሹራንስ ክፍያህን ሁሉ ይነካል፣ የአንዱ ጣቢያ ብልሽት ሪፖርትም ለሌሎቹ ይደርሳል። ከቼርኖቢል በኋላ ደግሞ በ1989 ዋኖ የተባለው ዓለም አቀፉ መጣ።

ዮኒ፦
በጣም አታሞግሺው እንጂ! በ2002 ያው ዴቪስ-ቤሲ፣ አዎ ያው ራሱ፣ የሪአክተሩን ክዳን በስንጥቅ ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር የወጣ ቦሪክ አሲድ በልቶት የቀረችው ከ1 ሴንቲሜትር የማትወፍር የማይዝግ ብረት ሽፋን ነበረች። እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ፈረንሳዮች ቡዤ በሚባለው ጣቢያቸው ላይ በ1991 አግኝተውት ነበር። ምልክቱም የዴቪስ-ቤሲ ሰዎች ዓይን ሥር ነበር፤ የጨረር መለኪያው ማጣሪያ በዝገት ብናኝ እየተደፈነ አስቸገራቸው። እነሱ ምን አደረጉ? ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ መቀየር።