በ7 ሜጋኸርዝ ከ12 ዋት አልወጣ ያለ የአማተር ሬዲዮ ማጉያ፦ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነው። በሁለት አይአርኤፍ 510 ትራንዚስተር በፑሽ ፑል (ሁለቱ እየተፈራረቁ በሚሠሩበት አሠራር) የተሠራ ማጉያ፣ ግብዓቱ 1 ዋት፣ ባትሪው 12 ቮልት። በ3.5 ሜጋኸርዝ 18 ዋት፣ በ7 ላይ 12፣ በ14 ላይ 6 ብቻ ይሰጣል። የሚለካው 20 ባለ 1 ኪሎ ኦም፣ ባለ 2 ዋት ሬዚስተሮች በፓራሌል ተያይዘው በሠሩት 50 ኦም ጭነት (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን በሚውጥ) ላይ ነው፤ በ7 ሜጋኸርዝ የቮልቴጁ ጫፍ 35 ቮልት ገደማ፣ ፍጆታው 2.2 አምፒር ነው።

ባያሱን (ሲግናል ሳይኖር የሚያልፈውን ከረንት) ለእያንዳንዱ ትራንዚስተር ከ50 ወደ 100 ሚሊአምፒር ማሳደግ ሙቀት እንጂ ዋት አልጨመረም። የውጤት ትራንስፎርመሩ 1 ለ2 ዙር ስለሆነ ድሬይኖቹ (የትራንዚስተሮቹ የውጤት እግሮች) 12.5 ኦም ያያሉ፤ በ12 ቮልት ጣሪያው 20 ዋት አካባቢ ነውና የ3.5ቱ ውጤት ጤነኛ ይመስለኛል። የጠረጠርኩት ፌራይቱን (የውጤት ትራንስፎርመሩ የተጠመጠመበትን እምብርት) ነው፦ ከተጣለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የወጣ፣ ዓይነቱ የማይታወቅ፤ ከትራንዚስተሮቹ በፊት እሱ ይግላል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጌቱ (የትራንዚስተሩ የግብዓት እግር) ነው፤ የ180 ፒኮፋራድ ካፓሲታንሱ ተቃውሞ በ14 ሜጋኸርዝ ወደ 63 ኦም ስለሚወርድ ግብዓቱን ይውጠዋል።

መጀመሪያ የቱን ልለውጥ? የፌራይቱን ዓይነት ያለ ውድ መሣሪያ የምለይበት መንገድ አለ? ወደ 20 ቮልት ብወጣስ? ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፣ ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ማቀዝቀዣውን ምን ያህል ላሳድገው? ሞክሮ ያየ ሰው ቁጥሩን ቢነግረኝ እግዜር ይስጥልኝ።