ለሃሊበት ማጥመድ ቀን ስንመርጥ ከሙላትና ከጉድለት ሰንጠረዥ የትኛውን ቁጥር እንይ?

ጥያቄ

ባለፈው ወር በአላስካ ከሆመር ወደብ ተነሥተን በኩክ ኢንሌት የባሕር ሰርጥ ሃሊበት የሚባለውን ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ለማጥመድ ሁለት ጊዜ ወጥተን ነበር። በሁለቱም ቀናት የባሕሩ ውኃ በየዕለቱ የሚወጣበትን (ሙላት) እና የሚወርድበትን (ጉድለት) ሰዓትና ከፍታ የሚያሳየው ሰንጠረዥ የሙላቱን ከፍታ 18 ጫማ ብሎ ስላሳየ የውኃው ጠባይ አንድ ዓይነት ይሆናል ብዬ ገመትሁ። በመጀመሪያው ቀን ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠው 2 ፓውንድ የእርሳስ ብረት የባሕሩን ወለል እየነካ ቆየልን። በሁለተኛው ቀን ግን ክሩ ከጀልባዋ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ማባበያው ከወለሉ ርቆ ሲንሳፈፍ ዋለ፤ አንድም ዓሣ ሳንይዝ ተመለስን። ከፍታው እኩል ሆኖ ሳለ ፍሰቱ ይህን ያህል የተለያየው ለምንድን ነው?

ምላሽ 1

የፍሰቱን ኃይል የሚነግርዎ በሙላቱና ተከትሎት በሚመጣው ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ነው። እባክዎ የጉድለቱን ቁጥር መልሰው ይመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን 6፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ −2 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ልዩነት 12 ጫማ፣ የሁለተኛው 20 ጫማ ነው። የመቀነስ ምልክቷ ትንሽ ስለሆነች በቀላሉ ትታለፋለች፤ ትርጉሟ ግን ውኃው ከሰንጠረዡ ዜሮ (ከፍታው ከሚለካበት መነሻ) በታች ይወርዳል ማለት ስለሆነ 2 ጫማው ይደመራል እንጂ አይቀነስም።

ይህ ሁሉ ውኃ የሚወጣው በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው፤ አወጣጡም እኩል አይደለም። በግምት በመጀመሪያው ሰዓት ከ12 አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት እጅ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት እጅ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በመጣበት አኳኋን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ልዩነቱ 20 ጫማ በሆነበት ቀን በሦስተኛው ሰዓት ብቻ 5 ጫማ ውኃ ይሄዳል፤ ልዩነቱ 8 ጫማ ቢሆን ኖሮ 2 ጫማ ብቻ በሆነ ነበር። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ አካባቢ፣ ትንሹ ደግሞ ግማሽ ስትሆን ስለሆነ፣ እኔ ጉዞዬን በግማሽ ጨረቃ ሰሞን አደርጋለሁ።

ምላሽ 2

ከላይ በተሰጠው ስሌት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ትንሹን ልዩነት ብቻ ማሳደድ ትክክል አይመስለኝም። ሃሊበት ማባበያውን በሽታው ጭምር ፈልጎ የሚያገኝ የወለል ዓሣ ስለሆነ፣ ፈጽሞ በቆመ ውኃ ሽታው ከመንጠቆው አካባቢ አይርቅም። ለእኔ መልካሙ ጊዜ ውኃው ሊቆም ሲቃረብና እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ያለው ነው። በዚያ ባሕር በአንድ ቀን የሚከሰቱት ሁለት ሙላቶችና ሁለት ጉድለቶች እኩል ስላልሆኑ፣ ከባድ በሚመስል ቀን እንኳ ለስለስ ያለ ፈረቃ ይገኛል። ጠዋት ከ−3 ወደ 19 የወጣ ውኃ ከሰዓት በኋላ እስከ 4 ብቻ ቢወርድ፣ የጠዋቱ ልዩነት 22 ሲሆን የከሰዓቱ 15 ነው።

ውኃው የሚቆምበት ሰዓት ሰንጠረዡ ለሙላት ከጻፈው ሰዓት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ለዚህ የተዘጋጀውን የፍሰት ሰንጠረዥ ለብቻው መመልከት ያስፈልጋል።

ምላሽ 3

የነፋሱንም አቅጣጫ ይመርምሩ። ነፋስ ከፍሰቱ በተቃራኒ ሲነፍስ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ በዚህ ላይ በብርቱ ፍሰት መልሕቅን ከጀልባ ኋላ ማሰር ውኃ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሊያሰጥም ስለሚችል ምንጊዜም ከፊት ይታሰር።

ጠያቂው

ሰንጠረዡን አውጥቼ አየሁት፤ በሁለተኛው ቀን የጉድለቱ ቁጥር −1.8 ነበር፣ እኔ ግን 1.8 ብዬ አንብቤዋለሁ። ቀጣዩን ጉዞ ልዩነቱ ከ12 ጫማ በማይበልጥበት ቀን አድርገን፣ ውኃው ከመቆሙ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን መልሕቅ እንጥላለን።