ሞርስ ኮድ ለመልመድ የቱ ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። እዚህ አሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ሞርስ ግን እምቢ አለኝ። የነጥብና ሰረዙን ሰንጠረዥ በቃሌ ይዣለሁ። ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ግን ከሁለተኛው ፊደል በኋላ ይጠፋብኛል። በነጻም በክፍያም የምታውቁትን ጠቁሙኝ። የመምቻ ቁልፍም ልገዛ ነው።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ወዲያ በለው። በዓይንህ የያዝከውን ነጥብና ሰረዝ በጆሮ ስትሰማ መቁጠር ትጀምራለህ። በደቂቃ 10 ቃል አካባቢ ስትደርስ ቆጠራው አያዋጣም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ነው።

ከነጻዎቹ ኤልሲደብሊውኦ የሚባለውን ድረ ገጽ አስቀድማለሁ። 40 ትምህርት አለው። በኬ እና ኤም ይጀምርና ፊደል ይጨምርልሃል፤ 90 በመቶ ስታገኝ ትቀጥላለህ። ቅንብሩ ላይ ተጠንቀቅ። የፊደሉን ፍጥነት በደቂቃ 20 ቃል አድርገህ በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ አስፋ። ፊደሉን ራሱን ካዘገየኸው ተመልሰህ ቆጠራ ውስጥ ገባህ። ክፍተትን አትናቅ። የኛ አገር የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የጥሪ መለያ የሚጀምረው በኢ እና ቲ ነው፦ አንድ ነጥብ፣ አንድ ሰረዝ። አዲስ አበባ ያለውን ኢቲ3ኤኤ የሚባለውን ጣቢያ ስትፈልግ ክፍተቷ ካመለጠችህ ሁለቱ ተጣብቀው ኤ ይሆኑብሃል።

ጉድለቱ? ይሰለቻል። ትርጉም የሌለው ፊደል አምስት አምስት እየሆነ ሲወርድ ራስ ያዞራል።

መኪና ውስጥ ከሆነ ሞርስ ኮድ ኒንጃ የሚባሉትን የድምፅ ልምምዶች ክፈት። ያሰማሃል፣ ቆም ይላል፣ መልሱን በድምፅ ይነግርሃል፣ ደግሞ ያሰማሃል። 395 አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ሲይዝህ ከዚህ የተሻለ የለም። ነጥብና ሰረዝ በስክሪን የሚያሳዩ የስልክ አፖችን ግን እርሳቸው፤ ያው ሰንጠረዥ ናቸው።

እውነተኛ የሬዲዮ ድምፅ ካማረህ ከኮነቲከት የሚያስተላልፈው ደብሊው1ኤደብሊው የሚባል ጣቢያ መደበኛ የልምምድ ሰዓት አለው። ከዝግታ እስከ ፈጣን ይልካል።

ብቻህን አልሆን ካለህ ክፍል ግባ። ሲደብሊው አካዳሚ (ሲደብሊው ማለት በሬዲዮ የሚላክ ሞርስ ነው) ነጻ ነው፤ 8 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለቴ በዙም። የቤት ሥራው ግን በየቀኑ ነው፣ ቀልድ የለም። ሎንግ አይላንድ ሲደብሊው ክለብ የአባልነት ክፍያ አለው፤ በፈለግከው ጊዜ መጀመር ትችላለህ። ፈረቃ ለሚሠራ ሰው እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቁልፉ ይቆይ። ጆሮ ይቅደም። ለፈቃድ የሚጠየቀው የሞርስ ፈተና እንደሆነ እዚህ አሜሪካ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል፤ ማን ያስቸኩልሃል?

መልስ 2፦ በቁልፉ አልስማማም። ሲደብሊው አካዳሚ ከገባህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፓድል (በአንድ በኩል ነጥብ፣ በሌላው ሰረዝ የሚልክ ቁልፍ) ይጠይቁሃል። በእጅ የሚመታውን ቀጥ ያለ ቁልፍ አያስተምሩም። እሱን ከወደድክ ኤስኬሲሲ የሚባል ክለብ አለ፤ አባልነቱ በነጻ ነው፣ አባላቱም ቀስ ብለው ያናግሩሃል። ፓድል ከመረጥክ ደግሞ የሬዲዮህን መመሪያ እይ። ኪየሩ (ከፓድሉ ነጥብና ሰረዝ የሚያበጀው መሣሪያ) ውስጡ ካለ ለብቻው መግዛት አያስፈልግህም።