የዕቅድ ውይይት፦ የአባላትን ካሴቶች በየቤቱ ወደ ዲጂታል ለመቀየር

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ለ10 ቤተሰብ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻ ይገዛ፤ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ኮምፒውተር ይቅዳ።» የመጀመሪያው ዙር 100 ካሴት ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት የሚታረም ካለ አሁን ይነገር።

ቴክኒክ ክፍል፦ በትንሿ ማጫወቻ አልስማማም። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እኩል መጓዝ አለበት። የእሷ ሞተር ፍጥነቱን ስለማይጠብቅ ድምፁ ይዋዥቃል፤ ማሲንቆና ረጅም ዜማ ላይ ወዲያው ይሰማል፤ በኋላ በኮምፒውተር ማቃናትም እጅግ አድካሚ ነው። በዚያው ገንዘብ ሁለት ያገለገሉ ደህና ዴኮች (ትላልቅ የካሴት ማጫወቻዎች) ገዝተን፣ አስጠግነን፣ ከቤት ቤት ይዙሩ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያጫውቱ ይሁኑ። ካሴቱን ሳናወጣ ሌላውን ጎን የሚያጫውተው ዓይነት ሄዱ (ከክሩ ድምፁን የሚያነበው ክፍል) በተገላበጠ ቁጥር ከቦታው ይዛነፋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ያገለገለ ዕቃ እፈራለሁ። ስንገዛ ምን ምን እንይ?

ቴክኒክ ክፍል፦ ጋሼ፣ ሦስት ነገር ይዩ። ክዳኑ ተከፍቶ ቺንጋው (ሞተሩ የሚያሽከረክረው የላስቲክ ቀበቶ) በጣት ሲነካ ከላላ ወይም እንደ ሬንጅ ከቀለጠ ይቀየራል፤ ይህ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ አይደለም። ክሩን የሚጎትተው ጎማ ደርቆ ካብለጨለጨ ካሴት ይበላል፤ እሱም ይቀየራል። ሄዱ ላይ ግን ጥፍርዎን ሲያሳልፉ ጎድጎድ ያለ መስመር ካገኙ ዴኩን ይተዉት።

የአሜሪካ አባል፦ አንዱን ዴክ ከዚህ ልልክ እችላለሁ።

ቴክኒክ ክፍል፦ እግዜር ይስጥልን። ግን ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ፣ የእኛ 220 ስለሆነ፣ መቀነሻ ትራንስፎርመር አብሮ ይታሰብ። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ሞተሩ በዲሲ የሚሠራ መሆኑንም ያረጋግጡልን፤ አንዳንድ የድሮ ዴኮች ፍጥነታቸውን ከመብራቱ 60 ኸርዝ ስለሚወስዱ በእኛ 50 ኸርዝ ይጎተታሉ።

መዝገብ ክፍል፦ የትኞቹ ካሴቶች ይቅደሙ? ብዙ ሰው የሚያመጣው የዘፈን ካሴት ነው።

ጸሐፊ፦ ሱቅ የተሸጠ ዘፈን ሌላ ቅጂ አይጠፋውም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። ቤት ውስጥ የተቀዳው ይቅደም፦ የሠርግ ድምፅ፣ በደብዳቤ ፋንታ በካሴት የተላከ መልእክት፣ አዛውንት ሲናገሩ የተቀዳ። ያ ከጠፋ ሌላ የለም።

መዝገብ ክፍል፦ ተስማምቻለሁ። ከመጫወቱ በፊት ያለው ዝግጅትም በዝርዝር ይጻፍ፤ ካሴት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ቴክኒክ ክፍል፦ ልጻፈው። መጀመሪያ ካሴቱ ጀርባ ላይ፣ ክሩ ከሚታይበት አፍ በተቃራኒ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ይሰበሩ፤ በስሕተት ሪከርድ ቢጫኑ እንኳ አይደመሰስም። በመስኮቱ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጥ፣ ዴክ ውስጥ አይግባ። ደህናው በቢክ እስክርቢቶ ጥቂት ዙር ተሽከርክሮ አለመያዙ ይታይ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ይሂድና ይመለስ፤ ዓመታት ተጣብቆ የኖረው ክር ይላቀቃል።

ድምፁ ታፍኖ ወይም እየራቀ ከሰማችሁ የካሴቱን አፍ እዩ። መሐል ላይ ክሩን ወደ ሄዱ የሚገፋ ትንሽ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ በቀጭን ብረት ላይ አለ፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ ይወድቃል። አምስቱ ብሎኖች በትንሽ ካቻቪቴ ተፈትተው ሁለቱ ክር የተጠቀለለባቸው ጥቅልሎች ወደ ሌላ ጤነኛ ቀፎ ይዛወሩ። የተበጠሰ ክር በተራ ፕላስተር አይቀጠል፤ ሙጫው ወጥቶ ሄዱን ይለቀልቃል። ለካሴት የተሠራው ብቻ፣ ያውም ሄዱን በማይነካው በክሩ ጀርባ በኩል ይለጠፍ። ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ክሩ 9 ማይክሮን ያህል ስስ ስለሆነ እሱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ አታመላልሱት።

ገንዘብ ያዥ፦ ጽዳቱስ?

ቴክኒክ ክፍል፦ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና የጆሮ ጥጥ። ሄዱና ከጎማው ጋር ሆኖ ክሩን የሚጎትተው ቀጭን የብረት ዘንግ በየ5 ካሴቱ ይጠረጉ፤ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም።

አሁን ረቂቁ ጨርሶ ወደ ረሳው ነገር። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄድ ትንሽ አዘንብሎ ከነበረ የእኛ ዴክ ቀጥ ብሎ ሲያነበው «ሰ» እና «ሸ» ይደበዝዛሉ፤ ሰው ካሴቱ አርጅቷል ይላል። አላረጀም። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባት ብሎን አለች። የነበረችበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። ማግኔት በሌለው ካቻቪቴ፣ ካሴቱ እየተጫወተ፣ ሁለቱን ቻናል (ግራና ቀኝ) ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ ድምፅ፣ ቀላቅላችሁ እየሰማችሁ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ ወዲያና ወዲህ አዙሯት። ድምፁ ድንገት ጥርት የሚልበት ነጥብ አለ፤ እዚያ አቁሙ። ጎኑ ሲገለበጥ ደግሞ ድገሙት፤ ሲያልቅ ወደ ምልክቱ መልሱ። ይህን 3 ደቂቃ የሚተካ ሶፍትዌር የለም።

የአሜሪካ አባል፦ ዴኩ ላይ ያለውን የድምፅ ማጥሪያ፣ ዶልቢውን፣ እናብራ? የክሩን ሹክሹክታ ይቀንሳል።

ቴክኒክ ክፍል፦ ሲቀዳ ዶልቢ ያልነበረውን ዶልቢ አብርተን ካጫወትነው ከሹክሹክታው ጋር የሰውየውም ድምፅ ይታፈናል። ካሴቱ ወይም ሽፋኑ ላይ ካልተጻፈ ይጥፋ።

ጸሐፊ፦ ግንኙነቱና ፋይሉስ?

ቴክኒክ ክፍል፦ ከዴኩ የመስመር መውጫ (ላይን አውት) ወደ ዩኤስቢ የድምፅ ካርድ መስመር መግቢያ (ላይን ኢን)። ማይክ መግቢያ ላይ ከተሰካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ብዙ ጊዜም ሞኖ ይሆናል። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፤ ቻርጀር ሲሰካ የሚመጣው እምምታ አብሮ ይቀዳል። ኮምፒውተሩ በራሱ ድምፅ የሚያስተካክልበት ምርጫ ሁሉ ይጥፋ። ኦዳሲቲ በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ (ያልተጨመቀ ፋይል) ይሁን። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፤ ዜሮን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ እንደነበረ አይመለስም። የ60 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋ ባይት ገደማ ይወጣዋል፣ 100ው ከ100 ጊጋ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ማጽዳትና ወደ ኤምፒ3 መቀየር በቅጂው ላይ ብቻ፤ ጥሬው አይነካ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያውስ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች። ዴኩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ እናድርገው፤ መብራት ሲሄድ ክሩ ጎማው ውስጥ እንደተያዘ ሊቀር ይችላል።

መዝገብ ክፍል፦ የፋይል ስም ካሴቱ ቁጥርና ጎን ይሁን፦ 001-ሀ፣ 001-ለ። ቀኑ በመዝገቡ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ካሴቱ ላይ «ግንቦት 82» ያለው 1982 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1990። «ጥቅምት 82» ግን 1989 ነው፣ 7 ብቻ ነውና የሚጨመረው። ውጭ ያደጉ ልጆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የካሴቱ ጽሑፍም በሁለቱም ጎን ፎቶ ይነሣ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ሐሳብ፦ 2 ዴክ ከጥገና ጋር፣ 2 የድምፅ ካርድ፣ 2 ሃርድ ዲስክ፣ 1 ዩፒኤስ፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ካቻቪቴ፣ 10 ባዶ ቀፎ። ቀረጻው በካሴቱ ልክ ጊዜ ስለሚወስድ በአንድ ምሽት 2 ካሴት፣ በ50 ምሽት 100።

ቴክኒክ ክፍል፦ ዩፒኤሱ 2 ይሁን፤ ዴኮቹ በሁለት ቤት ናቸው። ምሽቱንም 60 በሉት፤ ስፖንጁ የወደቀ ካሴት አንዱን ምሽት ለብቻው ይበላል።

ጸሐፊ፦ ታርሟል።